የእንግሊዙ ቤት ወንበሮች

ልጅ እያለሁ የምኖረው የእንግሊዝ ባላባት ቤት ውስጥ ነበር። ቀልዴን አይደለም። አድራሻው አሜሪካ፣ የሐበሻ ሱቅ የበዛበት ፌርፋክስ ጎዳና፣ ከጋሼ ታደሰ ሱቅ በላይ ያለው ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ነው፤ ግን አንድ የትምህርት ቤት ዕረፍት ሙሉ ሳሎናችን ታላቁ አዳራሽ፣ ጠባቧ ኮሪደራችን ረጅሙ እልፍኝ፣ ከኩሽናው መስኮት ውጪ ያለው የብረት ደረጃ ደግሞ የአሽከሮች መውጫ ነበር። ኮት የምንሰቅልባት ቁም ሣጥን የቄስ መደበቂያ ሆናለች። ቄሱም ባላባቱም እኔው ነኝ። ታች ጋሼ ታደሰ የበርበሬ ከረጢት ሲከፍቱ ሽታው በወለሉ ስንጥቅ ሽቅብ ይወጣና ባላባቱንም ቄሱንም እኩል ያስነጥሰን ነበር።

ይህን ሁሉ ያመጣችው እናቴ ጥሩወርቅ ናት። ያኔ ከበርባንክ በላይ ኮረብታው ላይ ባለ አንድ የጥንት ቤት፣ የመኪና ማቆሚያው መግቢያ ላይ ቲኬት ትቆርጥ ነበር። ቤቱ የእንግሊዝ የገጠር ቤት ነው። የእንግሊዝ ቤት አስመስለው የሠሩት ማለቴ አይደለም፤ ራሱ ነው። ድሮ አንድ ገንዘብ የተረፈው አሜሪካዊ፣ እዚያ አገር የአንድ ባላባት ቤት ሊፈርስ ነው ሲባል ሰምቶ ገዛው። ድንጋዩንና እንጨቱን አንድ በአንድ አስነቅሎ፣ በእያንዳንዱ ላይ ቁጥር አስጽፎ፣ በመርከብ አስጭኖ አመጣውና እዚህ ፀሐይ ላይ መልሶ አቆመው። እናቴ ይህን የሰማች ቀን እየሳቀች ነው የገባችው። «እሱም እንደኛ ተጠቅልሎ ነው የመጣው በለኛ!» አለችው አባቴን።

ወስዳ ያሳየችኝ ጊዜ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እስከዚያ ድረስ ትልቅ ቤት የምለው ቤተ ክርስቲያንን ወይም የገበያ አዳራሽን ነው፤ ሰው እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ አልጋ ዘርግቶ ይተኛል ብዬ አላስብም። ግድግዳው የማር መልክ ያለው ድንጋይ ነው። ጣራው ሾጣጣ፣ ከጣራው በላይ ደግሞ የጭስ ማውጫው ብዛት ለጉድ። «ይሄ ሁሉ ለምንድን ነው?» ብላት «እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ይበርደው ነበራ» አለችኝ። ቤቱን ከላይ ሆኖ ለሚያየው የፈረንጆቹን ኢ ፊደል ይመስላል፤ ግራና ቀኝ ሁለት ክንፍ፣ መሀል ላይ ያለችው አጭር መስመር የመግቢያው ደጅ ናት። መስኮቶቹ ትንንሽ መስታወት በእርሳስ ብረት ዘንግ እየተያያዘ የተሠሩ ስለሆኑ ፀሐይ ስትገባ ወለሉ ላይ መረብ ትዘረጋለች። ውስጡ ሰም፣ አሮጌ እንጨትና ቀዝቃዛ ድንጋይ ይሸታል። እኔ ያንን ሽታ ዛሬም ከየትኛውም ሽቶ አስበልጠዋለሁ።

እናቴ ግን ከዚያ ሁሉ ውበት የምታየው ደጁን ብቻ ነበር። እሷ ወሬ የምትወድ ሰው ናት። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው ሳይወርድ የልጆቹን ስም ታውቃለች፤ ሱቅ ልካኝ ስዘገይ የምትቆጣኝ፣ እሷ ሄዳ ቢሆን ከእኔ ሁለት እጥፍ ትዘገይ እንደነበር እያወቀች ነው። እንዲህ ያለችውን ሴት ነው እንግዲህ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ያስቀመጧት። ቀኑን ሙሉ የምትናገረው «ሄሎ»፣ «ወደ ግራ ፓርክ ያድርጉ»፣ «ሽንት ቤት ቀጥታ ነው»፣ «ሃቭ ኤ ናይስ ዴይ» ነው። ቤት ስትገባ ኮቷ የመኪና ጭስ ይሸታል። አንዳንድ ጊዜ ሳህን እያጠበች ለብቻዋ ስታወራ እሰማታለሁ፤ ጥያቄውንም መልሱንም ራሷ ትናገራለች። ያ ነበር የሚያስፈራኝ። እዚያች ሣጥን ውስጥ ከቆየች አንድ ቀን ጭራሽ ዝም ትላለች፣ እናቴ እናቴ መሆኗ ይቀራል ብዬ እፈራ ነበር።

አንድ ቀን ታዲያ ኮቷን ሳታወልቅ ሳሎኑ መሀል ቆመችና «አስጎብኚ ሊቀጥሩ ነው። እዚያው የምንሠራውም መሞከር እንችላለን» አለች። አባቴ ታክሲ ነጂ ነው። ጫማውን እየፈታ ቀና ብሎ አያትና «ኦኬ፣ ግን ያን ሁሉ ሂስትሪ ማን ሊሸመድደው ነው?» አላት።

«እኔ! ደግሞ ሚሚ ታስጠናኛለች።»

ሚሚ እኔ ነኝ። አስጠናኋትም። በሕይወቴ እንደዚያ ሰሞን ሥልጣን ኖሮኝ አያውቅም። እኔ ሶፋው ላይ እግሬን ሰቅዬ እቀመጣለሁ፣ እሷ የእንጀራ ማውጫ ሰፌዱን እንደ ጋሻ ግድግዳ ላይ ሰቅላ ትጀምራለች። በመግቢያው ደጅ ሲገባ መጀመሪያ የሚገኘው በተቀረጸ እንጨት የተጋረደ ጠባብ መተላለፊያ ነው፤ ከኩሽና የሚመጣው ብርድና ሽታ ጌቶቹ ላይ እንዳይደርስ ነው የተጋረደው። ከመጋረጃው ሲወጣ ታላቁ አዳራሽ። ጣራው እስከ ላይ ክፍት ነው፣ ግንዶቹ እንደተገለበጠ መርከብ ይታያሉ። ባላባቱ ከወዲያኛው ጫፍ፣ ወለሉ ከፍ ባለበት፣ ትልቁ መስኮት ያለበት ይቀመጣል፤ ሌላው ሰው እንደየማዕረጉ ወደ በሩ እየወረደ። «ብርዱን ለድሃ፣ ብርሃኑን ለጌታ» ትላለች እናቴ ከራሷ ጨምራ፤ እኔም «እሱ ወረቀቱ ላይ የለም!» እላታለሁ። ከዚያ ወደ ኮሪደራችን እንሄዳለን። ረጅሙ እልፍኝ ዝናብ ሲዘንብ መኳንንቱ እየተመላለሱ እግራቸውን የሚያፍታቱበት ነው። መጨረሻ ላይ ቁም ሣጥኑን ትከፍታለች። በአንድ ወቅት በዚያ አገር የካቶሊክ ቄስ ቤቱ ያስጠጋ ሰው ይቀጣ ስለነበር፣ ግድግዳው ውስጥ ሰው የምታህል ጉድጓድ ሠርተው እዚያ ይደብቁት ነበር። ይህን ስትናገር ድምጿ ዝቅ ይላል። እኔ መጨረሻውን እያወቅሁትም ይሰቀጥጠኛል።

ጋሼ ታደሰ ሱቃቸውን ዘግተው ሲወጡ እንደ ጎብኚ ይሆኑልናል። በወጉ ይሰማሉ፣ ይስማማሉ፣ ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ፤ መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አላቸው። «ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው ጥሩዬ። ግን ሽንት ቤቱ የት ነበር?» እናቴ መልሱን አታውቀውም። እኔ ሶፋው ላይ በሳቅ እንከባለላለሁ። እሷ ግን ሄዳ አጠያይቃ መጣችና በሦስተኛው ቀን አፋቸውን አስያዘቻቸው፤ መልሱን እዚህ መጻፍ ደስ አይልም።

የፈተናው ዕለት ቅዳሜ ነበር። አባቴ ኤርፖርት ስለዋለ እኔን የሚይዘኝ አልተገኘም፤ ስለዚህ ከጎብኚዎቹ ጋር ተቀላቅዬ ገባሁ። «እናትሽ አይደለሁም፤ አታውቂኝም፣ ገባሽ?» ብላኛለች። የምትፈትናት ሚስ ዶሪን የምትባል የቤቱ ኃላፊ ናት። ረጅም፣ ቀጭን፣ መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል፣ እዚያ ቤት ውስጥ ስትሄድ ድምፅ የማታሰማ ሴት። ክፉ አልነበረችም። እናቴ እንዳትርበተበት ብላ ከተቀረጸው መጋረጃ ጀርባ፣ ጠባቡ መተላለፊያ ውስጥ ቆማ ልትሰማት ነው የመረጠችው።

እናቴ አልተርበተበተችም። ደጁ ላይ ጀምራ ሰዉን አሳቀችው፤ መጋረጃው ጋ ስትደርስ ጸጥ አሰኘችው። እኔ በልቤ አብሬያት እያልኩ ነው፣ አንድ ቃል አልሳተችም። አዳራሹ መሀል ደረስንና እጇን ወደ ግንዶቹ ዘረጋች። ሁሉም አንጋጠጠ። ያላንጋጠጡት ከዘራ የያዙ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ብቻ ነበሩ። ዳገቱን በእግራቸው ነው መሰለኝ የወጡት፣ ትንፋሻቸው ይሰማል፤ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ እግራቸው ይቆማሉ። እኔ እናቴን አውቃታለሁ። ዓይኗ ከጣራው ወርዶ የሽማግሌው ጉልበት ላይ ሲያርፍ ሳይ አለቀልን አልኩ።

በግድግዳው ዙሪያ ወንበር ሞልቷል። ጥቁር እንጨት፣ ጀርባው የተቀረጸ፣ ከሁሉም ፊት ቀይ የከፋይ ገመድ ተወጥሯል። ገመዱ ለምን እንደተወጠረ ለማንም ሰው ግልጽ ነው። እናቴ ሄዳ ገመዱን ከመንጠቆው አወለቀችና አንዱን ወንበር ሳበች።

«ይቀመጡ፣ ፕሊስ።»

«ኖ ኖ፣ ደህና ነኝ» አሉ ሽማግሌው፣ ገመዱን እያዩ።

ጥፋቱ የተሠራው እዚህ ላይ ነው፤ ይህን ጥፋት ደግሞ ከእኛ ሰው በቀር የሚሠራው የለም። እኛ ቤት እንግዳ መጀመሪያ «ደህና ነኝ» ይላል፤ ያ መልስ አይደለም፣ ጨዋነት ነው። ባለቤቷም ሰምታ እንዳልሰማች ትሆናለች። ሽማግሌው የምራቸውን እምቢ ማለታቸው፣ ሕግ መፍራታቸው፣ እናቴ በሐሳቧም አልመጣም። ይሉኝታ ይዟቸው ነው ብላ ነው። «ኧረ አይሆንም፣ በፍጹም!» አለች በእንግሊዝኛ፣ በፌርፋክስ ዜማ። እንደገና እምቢ አሉ። እንደገና ለመነች። በመጨረሻ ክርናቸውን ደገፍ አድርጋ ወንበሩ ላይ አኖረቻቸው። ሽማግሌው ሲቀመጡ «አህ» ያሏት ነገር አሁንም ትሰማኛለች።

ያን ጊዜ አንዲት እርጉዝ ሴት «እኛም እንችላለን?» ብላ ጠየቀች። «ኦፍ ኮርስ!» አለች እናቴ። ቀጥሎ የሆነውን ሳስበው ዛሬም ሳቄ ይመጣል። ገመዱ በየቦታው ወለቀ፣ ሰው ሁሉ ወንበር እየመረጠ ተቀመጠ። አንድ ሕፃን የባላባቱ ወንበር ላይ ወጥቶ እግሩን ያወዛውዛል። አዳራሹ የማኅበር ቤት መሰለ፤ የቀረው ጠላና ዳቦ ብቻ ነው። እናቴ መሀል ቆማ ትናገራለች፣ እነሱም ተደላድለው ያዳምጣሉ፤ ያንን ቀን እንደተናገረችው አድርጋ ተናግራ አታውቅም። እኔ ብቻ ሕጉን ስለማውቅ ወንበር አልደፈርኩም። እግሬ ግን ዝሎ ነበርና ከትልቁ መስኮት ሥር፣ የደረቀ አበባ ከተደረደረባቸው ማሰሮዎች መሀል፣ ከግድግዳው ጋር በተያያዘው እርከን ላይ ዞር ብዬ ቁጭ አልኩ።

ሚስ ዶሪን ከመጋረጃው ጀርባ ብቅ አለች። ፊቷ እንደ ወረቀት ነጣ። «ኦ፣ ማይ ጋድ» ያለችው ለራሷ ነው። አልጮኸችም። ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደች በዚያ ለስላሳ ድምጿ «ይቅርታ፣ እባክዎን ይነሱ» እያለች ሁሉንም አስነሳች። ሕፃኑን ራሷ አቅፋ አወረደችው። በእኔ በኩል አለፈች፣ አየችኝ፣ ምንም ሳትለኝ ሄደች። ሽማግሌውን መጨረሻ አስነሳቻቸው። እናቴ ያየችው እሳቸውን ብቻ ነው፤ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ሲነሱ።

በኋላ ቢሮዋ ገቡ፤ በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር እሰማቸዋለሁ። ሚስ ዶሪን «አነጋገርሽን በጣም ወድጄዋለሁ» አለቻት። «እነዚህ ወንበሮች ግን ከዚህ አገር ዕድሜ ይበልጣሉ። አንድ እግር ቢሰበር የሚተካ የለም። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፤ ሌላ ጊዜ የደከመው ሰው ቢመጣ ቆሞ እንዲሰማ ታደርጊያለሽ?» አረንጓዴው የአስጎብኚዎች ኮት ከኋላዋ ተሰቅሏል። አዎ ብትል ይዛው ልትወጣ ነው።

እናቴ ኮቱን አየችው። ከዚያ «ሚስ ዶሪን፣ ሽማግሌ አቁሜ ማውራት አልችልም» አለቻት።

«እንግዲያው እኔም አልችልም።»

ቤት ስንደርስ አባቴ ራሱን ያዘ። «በአፍሽ ብቻ የስ ብትያት ምን አለበት? ማን ይከታተልሻል? ሶ፣ ለአንድ ፈረንጅ ወንበር ብለሽ እዚያች ሣጥን ልትመለሺ ነው?» እኔ ከአባቴ ጋር ወገንኩ። ተናድጄባት ነበር። ያን ሁሉ አስጠንቻት፣ ያን ሁሉ ቄስ ሆኜ ቁም ሣጥን ውስጥ ታፍኜላት፣ በአንድ ወንበር! እናቴ ሁለታችንንም አየችንና «እንግዳዬ ቆሞ እኔ አፌን ከፍቼ ስለ ጣራ አወራለሁ? ምን ዓይነት ቤት ነው እሱ?» ብላ ሳህኗን ልታጥብ ሄደች። ሰኞ ወደ ሣጥኗ ተመለሰች።

ያ ሳምንት ቤታችን ውስጥ ከባድ ነበር። ሳሎናችን ሳሎን፣ ኮሪደራችንም ኮሪደር ሆነ። እናቴ ሳህን ስታጥብ እንኳ አታወራም፤ ውሃው ብቻ ነው የሚሰማው። ለብቻዋ ስታወራ የነበረው ይሻል ነበር እስክል ድረስ ፈራሁ። ራት ላይ ዝምታውን መቋቋም ሲያቅተኝ ያገኘሁትን ማውራት ጀመርኩ። ስለ ሕፃኑ፣ ስለ እርጉዟ ሴት፣ ስለ ሚስ ዶሪን ፊት። «ሁሉንም አስነሳቻቸው። እኔን ግን ዝም ብላኝ አለፈች» አልኳት።

እናቴ እጇ ሳህኑ ላይ ቀረ። «አንቺ ደግሞ ምን ላይ ተቀምጠሽ ነበር?»

«መስኮቱ ውስጥ።»

«መስኮት ውስጥ እንዴት ይቀመጣል?»

በቃል ማስረዳት ስላቃተኝ ተነሥቼ አሳየኋት። የሶፋውን ትራሶች አንሥቼ ከመስኮታችን ሥር ከግድግዳው ጋር አስጠግቼ ደረደርኩ፣ ከግራና ከቀኝም እንዲታጠፍ አደረግሁ፤ እዚያ መሀል ቁጭ አልኩ። «እንዲህ ነው። ግን ከግድግዳው ጋር አንድ ነው፣ አይነቃነቅም። ላዩ እንጨት ነው።» እናቴ ቀረብ ብላ አየችኝ። ከዚያ ጭኗን በእጇ መታች።

«መደብ! ይሄማ መደብ ነው! ያያቶቼ ቤት ዙሪያውን ይሄው አልነበር እንዴ!»

ለማታውቁ ልጆቻችን ልንገር፤ መደብ ከግድግዳው ጋር አብሮ በጭቃ የሚሠራ መቀመጫ ነው። ተሸክመህ ወዲያ ወዲህ አትለውም፤ ቤቱ ሲሠራ አብሮ ይሠራል፣ ቤቱ ሲፈርስ አብሮ ይፈርሳል። እናቴ ያን ሁሉ ጊዜ በዚያ መስኮት በኩል ስታልፍ ያየችው አበባውን ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት፣ ሣጥኗ ሳትገባ፣ እጄን ይዛ ሚስ ዶሪን ዘንድ ወሰደችኝ። ሦስታችንም አዳራሹ ውስጥ፣ ትልቁ መስኮት ፊት ቆምን። እናቴ አበባዎቹን እያሳየቻት «ከእነዚህ ሥር ያለው ዕቃ ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

«አይደለም። የሕንፃው አካል ነው።»

«እንጨቱስ? እንደ ወንበሮቹ ያረጀ ነው?»

«አይ። ዋናው በመርከቡ ላይ ተበላሽቶ ስለነበር እዚህ ነው የተተካው።»

«ታዲያ ሠሪው ምን ይሁን ብሎ ሠራው?»

ሚስ ዶሪን ጎንበስ ብላ እንጨቱን አየችው። መነጽሯን አደረገች፣ አወለቀች። «ሊቀመጡበት» አለች ቀስ ብላ። «ብርሃን ስላለ፣ ለመስፋትም ለማንበብም… ሊቀመጡበት ነው።» ከዚያ አንድ ማሰሮ አንሥታ ለእኔ ሰጠችኝ። ሌላውን ለእናቴ። አበባዎቹን ሁሉ ወለል ላይ ስናወርድ አቧራው አስነጠሰን። ሚስ ዶሪን እንጨቱን በመዳፏ ጫን ጫን አድርጋ ፈተነችው፣ ቀሚሷን ሰበሰበችና ራሷ ተቀመጠች። ያን ያህል ዓመት እዚያ ቤት ሠርታ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣ አታውቅም። ቀና ብላ ግንዶቹን አየች፣ ወደ ውጪ ሣሩን አየች።

«ከዚህ ሆኜ አይቼው አላውቅም» አለች ሚስ ዶሪን።

አረንጓዴውን ኮት የዚያኑ ቀን አልሰጠቻትም፤ ሥርዓት ወዳድ ናትና እንደገና ፈተነቻት። እናቴ ሁለተኛውን ፈተና ስትወስድ አዳራሹ ጋ እንደደረሰች ከግንዱም ከባላባቱም በፊት መስኮቱን አሳየች። ይህን መቀመጫ ቤቱን የሠራው ሰው ለደከመው ሰው ብሎ ከግድግዳው ጋር አብሮ ሠራው፣ የደከማችሁ ተቀመጡ አለቻቸው። አንድም ሰው ወደ ወንበሮቹ አልሄደም። ኮቱን ለብሳ የመጣች ቀን እጅጌው ጣቶቿን ሸፍኗት ነበር፤ አባቴ እያሳጠረላት «እንግዲህ ሌዲ ሆንሽልን» እያለ ያበሽቃታል። እሑድ ከነጠላዋ ሥር ለብሳው ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ከዚያ በኋላ ማን ይቻላት! የፌርፋክስ ሰው በየተራ እየተጫነ ያንን ቤት ሊያይ ወጣ። ጋሼ ታደሰ ሙሉ ሱፍ ለብሰው መጥተው፣ ፈረንጁ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ስለ ሽንት ቤቱ ጠየቁ። እናቴም መለሰች። መቼም እንደዚያ ሰሞን ኮርቼ አላውቅም። ትምህርት ቤት ቤታችሁን ሣሉ ስንባል በኢ ፊደል ቅርጽ ነበር የሣልኩት፤ መምህሯ ምንም አላለችኝ።

ዛሬ እኔ የሰዎችን ቤት ማደሻ ፕላን እሠራለሁ። ባልድዊን ሂልስ ላይ ኩሽና ማስፋት፣ ጋራዥ ወደ መኝታ ቤት መቀየር፣ ይህን የመሳሰለ። ሥራዬን አውቀዋለሁ፤ ሲያመሰግኑኝም አላፍርም። ኮረብታው ላይ ያለው ቤት ግን ብዙ ተለውጧል። የመስታወቷ ሣጥን ተነሥታ በቦታዋ ካርድ የሚጎርስ ማሽን ተተክሏል። አስጎብኚ የሚባል ሰው የለም። ጎብኚው መግቢያው ላይ የጆሮ ማዳመጫ ይሰጠዋል፤ እያንዳንዱ የራሱን እየሰማ፣ አንዱ ካንዱ ሳይነጋገር ይዞራል። እኛ ያኔ እየሳቅን እየተገፋፋን የምናልፍበት መተላለፊያ አሁን ጭር ብሏል። ይህ ያሳዝነኛል፤ አልዋሽም።

የጆሮ ማዳመጫው ሲመጣ ስለ ክፍሎቹ ተናግረው ድምፃቸው የሚቀዳ ሰዎች ሲፈለጉ፣ ሚስ ዶሪን ጡረታ ልትወጣ ጥቂት ቀርቷት ነበር። ለታላቁ አዳራሽ ከጥሩወርቅ ሌላ ሰው አልቀበልም ብላ ድርቅ አለች። አንድ ወጣት ስለ አነጋገር ዘዬዋ ሊያነሣ ሲል እናቴ «ከፈለጋችሁኝ ከነአክሰንቴ ነው» ብላ አፉን አስያዘችው። እንደዚያው ተቀዳች። ከዚያ በኋላ ነው ስትሮክ የመታት። ዕድሜ ለሐኪሞቿ ተረፈች፣ እጅና እግሯም ተመለሰላት፤ ንግግሯ ግን እንደ ድሮው አልተመለሰም። አንድ ቃል ለማውጣት ትታገላለች፤ ሲሰለቻት ትተወዋለች። ያቺ አውቶቡስ ሙሉ ሰው የማይበቃት ሴት አሁን በዓይኗና በእጇ ነው የምታወራው። ልጅ ሆኜ የፈራሁት ዝምታ በሌላ በር ዞሮ ደረሰባት።

ባለፈው ወር ወሰድኳት። አዳራሹ ድረስ ክንዴን ይዛ ቀስ እያለች ሄደች፣ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። የጆሮ ማዳመጫውን ሳደርግላት እምቢ አለች፤ ምን እንደሚል አውቀዋለሁ ማለቷ ነው። እኔ አደረግሁት። ያ የድሮ ድምጿ፣ ፈጣኑ፣ ሳቅ ሳቅ የሚለው፣ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ስለ ጣራው ከመንገሬ በፊት ወደ መስኮቱ ሂዱና ተቀመጡ፣ እኔ አልቸኩልም አለኝ። እንባዬ መጣ፤ እሷ እንዳታይብኝ ወደ ግንዶቹ አንጋጠጥኩ።

ያኔ አንድ ባልና ሚስት ከመጋረጃው በኩል ገቡ፤ ሁለቱም አርጅተዋል፣ ሁለቱም ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ አለ። መሀል ላይ ቆሙ። ድምፁን እየሰሙ ዞር ዞር ብለው መስኮቱን ፈለጉና ወደ እኛ መጡ። መደቡ ላይ የተቀመጠችውን አሮጊት ሲያዩ ቦታ የሌለ መስሏቸው አመነቱ። የምትናገራቸው እሷ መሆኗን አያውቁም።

እናቴ በእጇ እንጨቱን መታ መታ አደረገችና ጠጋ አለችላቸው።